ሥራው ተገኘ፤ ዋስ ጠፋ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፦

የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ ደሴ ሳለሁም በአንድ የጅምላ መደብር ሁለት ዓመት በገንዘብ ያዥነት ሠርቻለሁ። ወደ ጅማ የመጣሁት እኅቴን ተከትዬ ነበር። በመጣሁ በሁለተኛው ወር ግን መምህር የሆነው ባለቤቷ ወደ ሚዛን አማን ተዛወረና ተያይዘው ሄዱ። እኔ ሥራ አገኛለሁ ብዬ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ቀረሁ። አሁን ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ባለፈው ወር በአንድ ድርጅት ለገንዘብ ያዥነት ተፈትኜ አለፍኩ፤ "ደመወዝተኛ ዋስ ይዘሽ በሳምንት ውስጥ ቅረቢ" ተባልኩ። በዚህ ከተማ ዋስ የሚሆነኝ ሰው ስለሌለ ሳምንቱ አለፈና ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ሌላ ቦታ "ኦሮምኛ ትችያለሽ?" ሲሉኝ ዝም አልኩ። አሁን አንድ ደላላ "የመጀመሪያ ወር ደመወዝሽን ቀድመሽ ክፈዪኝ፤ ሥራውንም ዋሱንም እኔ አመጣለሁ" ይለኛል። አከራዬ ጠዋት ጠዋት ቡና ይጠሩኛል፤ ሥራ ፈት መሆኔ እንዳይታወቅብኝ "ቸኩያለሁ" ብዬ እወጣና ከተማውን ስዞር እውላለሁ። ወደ ደሴ ልመለስ ወይስ ልቆይ? እባክዎ ይምከሩኝ።

ዋስ ያጣሁ ነኝ፣ ከጅማ

ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ እንደርስበታለን፤ የደላላው ጉዳይ ግን ቀን አይሰጥምና ከእሱ ልጀምር። አንዲት ብር እንዳትሰጪው። ቤትም ሆነ ሥራ አገናኝቶ፣ ነገሩ ከሠመረ በኋላ ድርሻውን የሚቀበል ደላላ በከተማችን አለ፤ እንጀራው ነውና አልነቅፈውም። ያንቺው ግን ሥራው ሳይታይ ክፈዪ ብሎሻል። ከዚያም የባሰው ዋስ አመጣለሁ ማለቱ ነው። የማያውቅሽ ሰው ፊርማውን በገንዘብ ከሸጠልሽ፣ ወይ ሰውየው የለም ወይ ማኅተሙ የሐሰት ነው። ቀጣሪው ደብዳቤው ወደ ወጣበት መሥሪያ ቤት ደውሎ ሲያጣራ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ገንዘብ ያዥ ለመሆን ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበች መባል በዚህ ከተማ ብቻ ሳይሆን በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሻል።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። በ1986 ዓ.ም. በሐምሌ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጅማ ስመጣ በቦርሳዬ የጸሐፊነት ዲፕሎማ ነበረኝ። ለአንድ ደላላ 40 ብር ከፈልኩና "ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ጠብቂኝ" ባለኝ በር ላይ በዚያ ዝናብ እስከ ስድስት ሰዓት ቆምኩ። 40 ብር ያን ጊዜ የወር የቤት ኪራዬ ነበር። ከገንዘቡ ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን ወደ ቤት ስመለስ የሆንኩትን የምነግረው አንድ ሰው እንኳ አለመኖሩ ነበር። አንቺ እዚያ በር ላይ እንድትቆሚ አልፈልግም።

አሁን ደብዳቤሽን አብረን እናንብበው። ድርጅቱ ያለሽ "ደመወዝተኛ ዋስ ይዘሽ ቅረቢ" ነው። የጅማ ነዋሪ ይሁን የሚል ቃል በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ከዚያው ትንሽ ከፍ ብለሽ ደግሞ የእኅትሽ ባለቤት መምህር ነው ብለሻል። መምህር ደመወዝተኛ ነው፣ ልጄ! ያን ሳምንት ሙሉ በዚህ ከተማ ዋስ የለኝም ብለሽ ስትጨነቂ ዋስሽ በስልክሽ ውስጥ ነበር። አልወቅስሽም፤ ጭንቀት ሲበረታ ሰው በእጁ ያለውንም ማየት ይሳነዋል። ምናልባትም "ገና በመጡበት አገር ላስቸግራቸው?" ብለሽ ይሆናል። አስቸግሪያቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእኅትሽ ባለቤት ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ወይም ደመወዙን ከሚከፍለው ጽሕፈት ቤት፣ ለቀጣሪሽ የሚጻፍ ደብዳቤ ያወጣል። ደብዳቤው የሥራ መደቡንና የወር ደመወዙን ይገልጻል። አብዛኞቹ ቀጣሪዎች በተጨማሪ ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑንና ሥራ ቢለቅ መሥሪያ ቤቱ እንደሚያሳውቅ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ዋሱ ራሱ ቀርቦ ቅጽ ላይ ይፈርም ይላል፤ ከሚዛን አማን በቦንጋ በኩል ጅማ የአንድ ቀን መንገድ ነውና ለእንዲህ ያለው ቀን ቢመጣ አይበዛም። ደብዳቤው የሚጻፈው በቀጣሪው ስም ስለሆነ አስቀድሞ አውጥቶ ማስቀመጥ ያስቸግራል። እሱ ግን ከአሁኑ የሠራተኛ አስተዳደሩን "እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብጠይቅ በስንት ቀን ታወጡልኛላችሁ?" ብሎ ይጠይቅ። አንቺም ከእንግዲህ ስትመዘገቢ ገና በመጀመሪያው ቀን "ከሌላ ከተማ የሚመጣ የዋስትና ደብዳቤ ትቀበላላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። የንግድ ፈቃድ ያለውን ሰው በዋስነት የሚቀበሉም አሉና ይህንንም አብረሽ ጠይቂ። ሳምንት ተሰጥቶሽ ከመሯሯጥ ያድንሻል።

አንድ ነገር ለእሱም ንገሪው። ሰው ዋስ መሆን የሚፈራው ዕዳው የት ድረስ እንደሚሄድ ስለማያውቅ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1922 ዋሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ስለዚህ "ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ" የሚል ቅጽ ቢቀርብለት፣ እስከ ስንት ብር እንደሆነ በአኀዝና በፊደል ይጻፍልኝ ማለት መብቱ ነው። ልኩን ያወቀ ሰው ልቡ አርፎ ይፈርማል። ካመነታም አትቀየሚው፤ ገንዘብ ለምትይዥበት ሥራ ዋስ መሆን እውነተኛ ሸክም ነው።

የደሴውን አሠሪሽን ደግሞ አትርሺው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሠራተኛው ሲጠይቀው የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ጊዜና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሁለት ዓመት ገንዘብ ይዘሽ ሒሳብሽ ሳይጎድል ወጥተሻል። ይህን የሚመሰክርልሽ ወረቀት፣ ከወረቀቱም ጋር ቢደወልለት "አዎ፣ አውቃታለሁ" የሚል ሰው ስልክ ቁጥር፣ ከዲግሪሽ እኩል ይቆጠርልሻል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ልቤን የያዘው የዋሱ ነገር ሳይሆን የቡናው ነው። "ቸኩያለሁ ብዬ እወጣና ከተማውን ስዞር እውላለሁ" ያልሽው። አከራይሽ ሥራ እንደሌለሽ ካወቁ ቆይተዋል፤ ምናልባት በገባሽ በሁለተኛው ሳምንት። የግቢ ሰው ማን በስንት ሰዓት እንደሚወጣና ምን ዓይነት ፊት ይዞ እንደሚመለስ ያውቃል። እያወቁ ነው በየጠዋቱ የሚጠሩሽ።

እኔም አራት ወር ሙሉ እንዳንቺ አደረግኩ። ጎረቤቴ የረከቦቱን ጨርቅ ስታነሳ ድምፁን እሰማና በሬን ቆልፌ እወጣ ነበር። በኅዳር ወባ ጣለኝ። ከደጋ ለመጣ ሰው የዚህ አገር ወባ ምሕረት የለውም፤ ብርድ ብርድ ካለሽ በራስ ምታት ክኒን አትሸንግዪው፣ ያንኑ ቀን ሄደሽ ተመርመሪ። ሁለት ቀን በሬ ሳይከፈት ሲቀር ያስከፈተችው ያቺ ጎረቤቴ ናት። አንድም ቀን ቡናዋን አልጠጣሁላትም ነበር። ስድን፣ ቡና ወደምትለቅምበት መጋዘን ይዛኝ ሄደች። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠን ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን ከደህናው እንለያለን፤ ማታ እጃችን የገለባ ሽታ ይሸታል። በመጋቢት አንድ መሥሪያ ቤት በመኪና ጽሕፈት ፈትኖ አሳለፈኝና እንዳንቺው ዋስ አምጪ አለኝ። የጎረቤቴ ባል የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ብዕሩን ቆሎ በነካው ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሞከረና ፈረመ። "እኔ ብዙም አላውቅሽም፤ እሷ ታውቅሻለች" አለኝ።

ዋስ ማለት ለእኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነው። አንድ ሰው ስለ አንቺ "አውቃታለሁ" ብሎ መናገር ሲችል ነው። በአዲስ ከተማ የሚጎድልሽ እሱ ነው፤ ዲግሪውማ አለሽ። አሥራ ስምንት ቦታ ማስረጃ ብታስገቢ አሥራ ስምንት መዝገብ ቤት ስምሽን ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን አያውቅሽም። ይህን የሚሠራው መዞር ሳይሆን አንድ ቦታ መቀመጥ ነው፦ አንድ ግቢ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ አንድ ዕድር። ጠዋት ቡናው ላይ ተቀመጪ። ስኒ እጠቢ፤ አንድ ቀን ስኳሩን፣ አንድ ቀን ቆሎውን ይዘሽ ግቢ። ሥራ ስትፈልጊ ሥራ እየፈለግኩ ነው በያቸው። በከተማችን ሰሌዳ ላይ ሳይለጠፍ የሚያዝ ሥራ ብዙ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ "የእገሌ መደብር ሒሳብ የምትይዘው ልጅ ልታገባ ነው" የሚል ወሬ ይነሣል። ግን እባክሽ ዋስ ለማግኘት ብለሽ አትሂጂ። ሰው ያውቃል። ብቻሽን ስለሆንሽ ሂጂ፤ እውነቱ እሱ ነውና።

ወቅቱም ለአንቺ መልካም ነው። በማናና በጎማ ወረዳዎች ቡናው መቅላት ጀምሯል። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ይህ አካባቢ በሙሉ ቡና ነው፤ ገበሬው ያመጣል፣ ሰብሳቢው ይገዛል፣ አቅራቢው ያከማቻል። የጅማ ቡና በአመዛኙ ከነቅርፊቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነውና ወደ መጋዘን የሚገባው ጀንፈል፣ ማለትም ገና ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና ነው። አንድ ቀን ጠዋት አጋሮ ወይም እዚሁ ከተማ ውስጥ ሚዛን ተዘርግቶ ስታዪ ቆም ብለሽ ተመልከቺ። ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ አንዱ ኪሎውን ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል። ዋጋው የሚነገረው በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የጆንያው ክብደት ይቀነሳል፣ ቀሪው በ17 ይካፈላል፣ በዋጋው ይባዛል፣ ገበሬው ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የመዝገቡና የካዝናው ሒሳብ ሳይገናኝ ሲቀር የሚነሣውን ጭቅጭቅ እኔ አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ገንዘብ የያዘች፣ እጇ ሒሳብ የለመደ ልጅ ለእንዲህ ያለ ነጋዴ በረከት ናት። ሥራው የወራት ነው፤ ክፍያውም ዲግሪሽን የሚመጥን ላይሆን ይችላል። ብዙዎች እዚህ ላይ "ተመርቄ ሚዛን ላይ ልቁም?" ይላሉ። ቁሚ። ሦስት ወር ገንዘቡን አምኖ የሰጠሽ ነጋዴ በአራተኛው ወር ስለ አንቺ የሚናገረው አለው።

ግን ብልሃት ይኑርሽ። የዕለቱን ሒሳብ ያንኑ ማታ አስረክበሽ አስፈርሚ፤ በሌላ ሰው እጅ ያደረ ካዝና ጠዋት አትቀበዪ። ቋሚ ሥራ ስታገኚ ደግሞ ውልሽ በጽሑፍ ይሁን። በዚያው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ "አምስት ወር እንሞክርሽ" የሚልሽ ቢኖር ሕጉን በትሕትና አስታውሺው። በጅማ ማስታወቂያዎች ላይ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ችሎታ ደጋግሞ ይጠየቃል፤ የማትችዪ ከሆነ እጅሽ ላይ ባለው ባዶ ሰዓት ተማሪው።

ኦሮምኛውን በተመለከተ ዝም ማለትሽ ነው የጎዳሽ፤ "እየተማርኩ ነው" ማለት ትችዪ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እውነት አድርጊው። ከተማው ውስጥ በአማርኛ ገዝተሽ፣ ተከራይተሽ፣ ታክመሽ መኖር ትችያለሽ። ነገር ግን ቡናውን ይዞ የሚመጣው ገበሬ የሚነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋም እሱ ነው፤ የሚጻፈውም በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነውና ፊደሉን ማንበብ ልመጂ። አንቺ የቁጥር ሰው ስለሆንሽ ከቁጥር ጀምሪ፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን። ሐሙስ ገበያ ወጥተሽ "ኩን ሜቃ?" እያልሽ ቲማቲምና ሽንኩርት ግዢ፤ መልሱን ሳትረጂ ብትቀሪ ሻጯ በጣቷ ታሳይሻለች። ለእኩያሽ "አካም ቡልቴ" ትያለሽ፤ ለትልቅ ሰው ግን "አካም ቡልተኒ" ነው፤ እንደ እኛ "እርስዎ" ሁሉ እዚያም አክብሮቱ በግሱ ላይ አለ። በተሳሳተ ኦሮምኛ የሚስቅብሽ ትንሽ ነው፤ ደስ የሚለው ብዙ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ስንቱን እንዳበላሸሁ ባወቅሽ፤ ያረሙኝ ሰዎች ዛሬም ወዳጆቼ ናቸው።

"ባዕድ ነኝ" የሚለው ስሜት ሲጫንሽ ይህች ከተማ እንዴት እንደቆመች አስቢ። ጅማ ያደገችው በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሩቅም ከቅርብም ነጋዴው ለሐሙስ ገበያ እየመጣ እዚሁ የቀረው ቀረ። ኦሮሞው፣ የሙ፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ ጉራጌው፣ አማራው እዚህ ተጎራብቶ ይኖራል። ዩኒቨርሲቲውም በየዓመቱ ከየአገሩ ያመጣል። ከየት መጣሽ ብለው ሲጠይቁሽ ሊያርቁሽ ሳይሆን አገርሽን የሚያውቅ ዘመድ ካላቸው ሊያገናኙሽ ነው። በእርግጥ ክፉም ሰው አለ፤ ማታ ከመሸ "ቢሮ ነይና እንነጋገር" የሚል ቀጣሪ ቢያጋጥምሽ ቀን ካልሆነ አትሂጂ፤ ቀንም ሆኖ የት እንደምትሄጂ ለአከራይሽ ነግረሽ ውጪ።

ስለ ወረቀቶችሽ አላነሣሽልኝምና በአጭሩ ልበል፦ ከደሴ ቀበሌሽ መሸኛ አስመጪ፤ ያለ እሱ እዚህ በነዋሪነት ለመመዝገብ ትቸገሪያለሽ። ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ካላወጣሽ አውጪ፤ ምዝገባው በነጻ ነው። ዕቁብ ግን አሁን አትግቢ፤ ገቢ ሳይኖር ዕጣ መጠበቅ በወዳጆችሽ ፊት ያሳፍርሻል። ኪራዩ ከከበደሽ ክፍልሽን ለሥራ ከመጣች ሌላ ልጅ ጋር ተካፈዪ፤ አስቀድመሽ ግን ለአከራይሽ አማክሪ።

ልመለስ ወይ ላልሽው፣ እኔ ቆዪ እላለሁ፤ እስከ ጥር መጨረሻ። ስድስቱን ወር ጅማን አልሞከርሽውም፤ ብቻሽን ሆነሽ ዞርሽበት እንጂ። እነዚህን አራት ወራት ሰው መካከል ሆነሽ ሞክሪው። የቡናው ወቅት ካለፈ በኋላም ምንም ካልተገኘ፣ እናትና አባትሽ ቤት መመለስ ውርደት አይደለም፤ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ትገቢያለሽ። ለመንገድ የሚሆንሽን ገንዘብ ከአሁኑ ለይተሽ አስቀምጪና አትንኪው፤ መመለሻ ያለው ሰው ሲጨንቀው ለደላላ አይከፍልም።

እስከዚያ ግን የቀረ አንድ በር አለ። ፈተና ያለፍሽበት ድርጅት ዘንድ ተመልሰሽ ሂጂ። ቦታው ለሌላ ቢሰጥም ውጤትሽ እዚያው ፋይል ውስጥ አለ፤ ገንዘብ ያዥ ደግሞ ይዛወራል፣ ይለቃል፣ ሌላ ቅርንጫፍ ይከፈታል። ዛሬ ማታ ለእኅትሽ ባለቤት ደውዪና ከተስማማ በማግስቱ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፊ። የተፈተንሽበትን ቀን፣ ማለፍሽን፣ ቦታው በምን ምክንያት እንዳመለጠሽ ግለጪ። ከሥር የዋስሽን ሙሉ ስም፣ የሚሠራበትን ትምህርት ቤትና የስልክ ቁጥሩን አስፍሪ። መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥር ተቀበዪ፤ ቅጂው ላይም ማኅተም አስመቺበት።